ቀበቶው የት ይረፍ? ገና አራስ ሆነሽ ልጅ በማዘያ ስትይዢ

ማዘያውን ከካርቶኑ ያወጣሁት ልጄን በኦፕራሲዮን በወለድኩ በ19ኛው ቀን ነው። እህቴ ከቨርጂኒያ በሰው የላከችልኝ ነው። ካርቶኑ ላይ ፎቶ አለ። ሴትዮዋ ተራራ ላይ ቆማለች። ሆዷ ልጥፍ ያለ፣ ፀጉሯ የተበጠረ፣ ሕፃኑ ደረቷ ላይ ለጥ ብሎ ተኝቷል። እኔ ደግሞ ከአልጋ ለመነሳት ባለቤቴን የምጣራ አራስ ነኝ።

ቀበቶውን ፎቶው ላይ እንዳየሁት ዳሌዬ ላይ አደረግኩት። ቋ አለ። ልጁን አስገባሁ፣ ማንገቻውን ሳብኩ። ሦስት እርምጃ አልሄድኩም። ለካ የቀበቶው ጠርዝ ልክ ስፌቴ ላይ አርፏል። የልጁ ክብደት በሙሉ እዚያች መስመር ላይ ወረደ። እሳት የነካኝ ነው የመሰለኝ። "እማዬ ያዢልኝ! ያዢልኝ!" አልኩ። እናቴ የገንፎ ማማሰያዋን እንደያዘች ከኩሽና ሮጠች።

ልጁን ተቀበለችኝና "ምን አጣደፈሽ? ገና አርባ ቀንሽ እንኳን አልወጣ!" አለች።

ማታ የመመሪያ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ስለ ልጁ ኪሎ ይላል። ስለ ልጁ አንገት ይላል። ስለ ልጁ እግር ሥዕል ሁሉ አለው። ስለ እኔ ሆድ አንድ መስመር የለውም።

ከዚያ ወዲህ ሴት ልጅ ጨመርኩ። እሷን በምጥ ነው የወለድኳት። ጀሞ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው የምንኖረው። ከውጭ የተላከላት ማዘያ የደረሳት አራስ ሁሉ፣ ወረቀቱ የጠፋ ወይም በማይገባ ቋንቋ የተጻፈ ሲሆን፣ ይዛብኝ ትመጣለች። ባለቤቴ "የብሎኩ አስተካካይ" ይለኛል። ሐኪም አይደለሁም፣ የሂሳብ ሠራተኛ ነኝ። ግን ብዙ ቀበቶ አጥብቄያለሁ፣ ብዙ ማንገቻም አላልቻለሁ። የተረዳሁት ነገር ቢኖር ማዘያ መጀመሪያ በአራሷ ገላ ልክ መታሰር እንዳለበት ነው። ልጁ ቀጥሎ ይመጣል።

መቼ ልጀምር?

ሁሉም የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ለሁሉም የሚሆን ቀን የለም። በምጥ ወልዳ ምንም ያልተሰፋች ሴት በጥቂት ቀን ውስጥ ቤት ውስጥ ልትይዝ ትችላለች። በኦፕራሲዮን ከሆነ ግን ለመጀመሪያዎቹ 6 ሳምንታት ከልጅሽ የከበደ ነገር አታንሺ ነው ምክሩ። እስቲ አስቢው፤ ባለ ቀበቶ ማዘያ ብቻውን ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ልጁ ሲጨመርበት ከልጁ በላይ ሆነ ማለት ነው። ማህፀንም ቢሆን ወደ ቦታው ለመመለስ 6 ሳምንት ያህል ይፈጃል። ውጭው ዳነ ማለት ውስጡ ዳነ ማለት አይደለም።

እኔ ስፌቴን ያየችው ሐኪም ከፈቀደችልኝ በኋላ በአምስተኛው ሳምንት ጀመርኩ። ቤት ውስጥ፣ ለ10 ደቂቃ። አንቺ ቀጠሮሽ ከልጁ የ45 ቀን ክትባት ጋር የሚገጥም ከሆነ ማዘያውን በፌስታል ይዘሽው ሂጂ። "ይህን ልልበስ?" ብለሽ በዓይናቸው አሳዪያቸው። በቃል ብቻ ብትጠይቂ አንዳንዱ የጀርባ አንቀልባ ነው የሚመስለው፣ መልሱም ሌላ ይሆናል።

እኔ የምጠቀምበት አንድ መለኪያ አለ። ልጁን በክንድሽ ይዘሽ ከመኝታ ቤት እስከ ሳሎን ደርሰሽ ስትመለሺ ስፌትሽ ካልጎተተሽ፣ ወገብሽም ካላቃሰተ፣ ማዘያው ይታሰብ። በክንድሽ ካቃተሽ ማዘያ አያስችልሽም።

ከጀመርሽ በኋላ ደግሞ ሰውነትሽ ይነግርሻል። ሊቆም የነበረው ደም እንደገና ደማቅ ሆኖ ከመጣ አብዝተሻል፣ አውልቂና ተኚ። ታች የሚወርድ ነገር ያለ ከመሰለሽ፣ ስትስይ ወይም ስትስቂ ሽንት ካመለጠሽ፣ አሁንም አውልቂ፣ በቀጠሮሽም ቀን ተናገሪ። የሚያሳፍር ነገር የለውም፤ እኔ አፍሬ ሁለት ወር ዝም ብዬ ከርሜያለሁ። ትኩሳት፣ መግል የያዘ ቁስል፣ በአንድ ሰዓት ሞዴስ የሚያርስ ደም፣ አንዱ እግር ብቻ ማበጥ ግን የማዘያ ጉዳይ አይደሉም። ቀጠሮ ሳትጠብቂ ያኔውኑ ወደ ሐኪም ቤት ሂጂ።

በስኳር ተለማመጂ

ልጁን ከማስገባትሽ በፊት ሦስት ኪሎ ስኳር በነጠላ ጠቅልለሽ አስገቢ። አዎ፣ ስኳር። ዱቄትም ይሆናል። አራስ ልጅ ሲያለቅስ፣ አንቺም ላብ ላብ ሲልሽ፣ የቱ ክሊፕ ከየቱ እንደሚገጥም መፈለግ አይቻልም። እኔ ሦስት ቀን በስኳር ተለማምጃለሁ። ባለቤቴ ከሥራ ሲገባ "ስኳሩ ጠባ?" እያለ ሲስቅብኝ ከረመ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን ዓይኔን ጨፍኜ ማሰር ቻልኩ።

ስኳሩ ሌላም ይነግርሻል። አጎንብሺ። ካመለጠ ወይም ወደ ጎን ከተንሸራተተ ላልቷል። ከሰውነትሽ ርቆ ከተንጠለጠለም ወገብሽን የሚጎትተው እሱ ነው። ሦስት ኪሎ ደረት ላይ ተለጥፎ ሲቀመጥና ሦስት ኪሎ እንብርት ላይ ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ አንድ አይደለም። ገበያ ስትሄጂ ዘንቢሉን ወደ ጎንሽ አስጠግተሽ እንደምትይዢው ማለት ነው።

አሁን ቀበቶው

መስተዋት ፊት ቁሚ። ስፌትሽን በጣትሽ ፈልጊው። አብዛኛውን ጊዜ አግድም ነው፤ ከሆድሽ በታች፣ ፀጉር ከሚጀምርበት ትንሽ ከፍ ብሎ። ከዚያ መስመር አራት ጣት ወደ ላይ ለኪ። የቀበቶው የታችኛው ጠርዝ ከዚያ በታች መውረድ የለበትም። የኔ ቀበቶ ስፋቱ ስንዝር ሊሞላ ትንሽ ነው የቀረው። ስለዚህ ከእንብርቴ በላይ ከጎድኔ በታች ነው የማስረው። ከጡት ሥር የሚታሰር ቀሚስ ታውቂ የለ? እንደሱ አስቢው።

ቀበቶው ከፍ ሲል ልጁም ከፍ ይላል። እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። አናቱን ቀና ሳትይ ጎንበስ ብቻ ብለሽ መሳም ከቻልሽ ልክ ነው። አናቱ አፍንጫሽን ከመታ፣ ወይም መንገዱን ከጋረደሽ ግን በዝቷል። ያኔ ማንገቻውን ከማላላትሽ በፊት ቀበቶውን ከላይ ወደ ውስጥ አንድ ጊዜ አጥፊው። ልጁ የሚቀመጥበት ጨርቅ ያጥራል፣ ልጁ ትንሽ ዝቅ ይላል። እንደዚያም ሆኖ ካልሆነ ይህ ማዘያ ለዛሬ ያንቺ አይደለም። አስቀምጪው። በሦስተኛው ወር ታወጪዋለሽ።

በምጥ ወልደሽ ታች የተሰፋሽ ከሆነ ችግሩ ሌላ ነው። ቀበቶው ቁስል አይነካም፣ ግን ሆድሽን አጥብቆ ሲያስር ግፊቱ ወደ ታች ይወርዳል። ማህፀንንና የሽንት ፊኛን ከታች ደግፈው የሚይዙት ጡንቻዎች ገና ደክመዋል። ስለዚህ ቀበቶው ደገፍ ያድርግሽ እንጂ አይነቅሽ። አስረሽው በረጅሙ ተንፍሺ። ሆድሽ ወደ ውጭ ካልተነፋ ላላ አድርጊው። ይህ የመቀነቱም ነገር ነው። እናቴ ልጄን የወለድኩ ሰሞን "ሆድሽ እንዳይዘረገፍ" ብላ እንደ ጤፍ ጆንያ ነበር ጥፍር አድርጋ የምታስረኝ። እሷ ዞር ስትል ሁለት ዙር እፈታለሁ። እሷም ታውቃለች፣ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ።

ስታስሪ እጅሽን ወደ ኋላ አታጠማዝዢ። ጀርባ ላይ ያለችውን ትንሽ ክሊፕ ለመድረስ ሰውነትሽን ስትጠመዝዢ ሆድሽ ይጎተታል። ሁለት መላ አለ። አንዱ ሰው ማስቆለፍ ነው። ሌላው ክሊፑን አስቀድመሽ ቆልፈሽ ማንገቻውን አላልተሽ እንደ ሹራብ በጭንቅላትሽ ማጥለቅ ነው። ከዚያ ጎንና ጎን ያለውን ጫፍ መሳብ ብቻ ነው የሚቀርሽ። ያቺ ክሊፕ አንገትሽ ሥር ብትወጣ ትታፈኛለሽ፣ ወገብሽ ጋ ብትወርድ ማንገቻው ከትከሻሽ ይንሸራተታል። በትከሻሽ አጥንቶች መሃል ትቀመጥ።

ልጁን ከወለል አጎንብሰሽ አታንሺ። አልጋ ጫፍ ላይ ይሁን፣ ወይም ሰው ያቀብልሽ። ከፍ ስታደርጊው ትንፋሽሽን እፍፍ ብለሽ እያወጣሽ ይሁን። ትንፋሽ ይዘሽ ካነሳሽ ስፌትሽ ነው የሚወጠረው። ይህን ያስተማረችኝ አዋላጅ ነርስ ነበረች። እግዜር ይስጣት።

ቀበቶ የማይወዱ

አንዳንዷ ምንም ብታደርግ ቀበቶ አይስማማትም። ለሁለተኛ ልጄ እኔም እንደዚያ ሆንኩ። ያኔ ረጅም ጨርቅ ነው ያዳነኝ። 5 ሜትር ገደማ የሆነ፣ እንደ ቲሸርት የሚለጠጥ ጨርቅ ነው። ጨርቁን መሃሉ ላይ ያዢና ከጡትሽ ሥር አሳርፊው። ሁለቱን ጫፍ ወደ ኋላ ውሰጂ፣ ጀርባሽ ላይ አቆላልፊ፣ በየትከሻሽ ወደ ፊት መልሺ። ከጡትሽ ሥር ባለው አግድም ጨርቅ ውስጥ አሾልኪያቸው። እንደገና አቆላልፊ፣ ወደ ኋላ ወስደሽ ቋጥሪ። ጨርቁ ጠበብ ያለ ቲሸርት የለበስሽ እስኪመስልሽ ድረስ ይጥበቅ። ልጁ ሲገባ ይለጠጣልና። ደረትሽ ላይ መስቀል የሠሩት ሁለት ጨርቆች አሉ፤ አንዱ እግሩ በአንዱ፣ ሌላው እግሩ በሌላው ይግባ። አግድሙን ጨርቅ በመጨረሻ እስከ ልጁ ትከሻ ወደ ላይ ሳቢው። ቋጠሮው ስፌትሽ ላይ እንዳያርፍ ብቻ።

በነጠላስ አይሆንም ወይ? ሞክሬያለሁ። ትከሻዬን እንደ ገመድ ቆረጠኝ፣ ቋጠሮውም ሸሸ። ጋቢ ደግሞ ቋጠሮው የሰው ጭንቅላት ያህላል። በኋላ ሽሮ ሜዳ አንድ ሸማኔ ጋ ሄጄ "ድርና ማጉ ጠበቅ ያለ፣ ጥለት የሌለው፣ 4 ሜትር ተኩል በ70 ሳንቲ" ብዬ አሠራሁ። ሰውዬው "ለምንድን ነው ጥለት የሌለው?" እያለ አዘነ። ለልጅ ማዘያ መሆኑን ስነግረው ጫፍ ጫፉን ቀጭን አረንጓዴ ጣል አድርጎልኝ ሰጠኝ። የማይለጠጥ ስለሆነ ልጄ ዘጠኝ ኪሎ ስትሆንም ያገለግለኝ ነበር።

ባለ ቀለበቱም አለ፤ በአንድ ትከሻ የሚታሰረው። ሆድ አይነካም፣ ቶሎ ይለበሳል። ግን ክብደቱ ሁሉ አንድ ትከሻ ላይ ነው። ወገብሽ ላይ መርፌ ተወግተሽ ወልደሽ ገና ወገቤን የምትዪ ከሆነ ግማሽ ሰዓት አያስቆይሽም። ትከሻ እየቀየርሽ ያዢ።

አንድ ነገር ላውጋችሁ፣ ከጉዳዩ ትንሽ ወጣ ብዬ። እነዚህን ከውጭ የሚመጡ ማዘያዎች ስናይ የፈረንጅ ፈጠራ ይመስሉናል። ሐሳቡ ግን ከአፍሪካ ነው የተወሰደው። አን ሙር የተባለች አሜሪካዊት ነርስ ናት በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በሰላም ጓድ፣ በአሜሪካ የበጎ ፈቃደኞች ድርጅት፣ ቶጎ ሄዳ እናቶች ልጆቻቸውን ጀርባቸው ላይ አስረው ሲሠሩ ያየችው። አገሯ ስትመለስ ለራሷ ልጅ እንደዚያ ለማሰር ብትሞክር አልሆነላትም። ከእናቷ ጋር ሆነው ማንገቻ ያለው ሰፉ። ስናግሊ ብለው በ1969 እ.ኤ.አ. ፓተንት አወጡበት። ይህን ለእናቴ ስነግራት "ታዲያ ገንዘቡን ለቶጎዎቹ ሰጠች?" አለችኝ።

ልጁን ስታስገቢ

መለያው ላይ የተጻፈውን ኪሎ እዪ። ብዙዎቹ ባለ ቀበቶ ማዘያዎች ከ3.2 ኪሎ ይጀምራሉ። ልጄ ሲወለድ 2.9 ነበር። ስለዚህ ያን በ19ኛው ቀን ያደረግኩት ነገር ለእሱም ቀድሞ ነበር። ትንሽ ልጅ በትልቅ ማዘያ ውስጥ ይሰምጣል። የሰመጠ ልጅ አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል፣ አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ መተንፈሻው ይታጠፋል። ድምፅ አያሰማም፣ አይንፈራገጥም። የሚያስፈራው ይሄ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርቶች ደህንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2010 እ.ኤ.አ. ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ከዚያ በፊት በነበሩት 20 ዓመታት በጨርቅ ማዘያ ውስጥ ቢያንስ 14 ሕፃናት መሞታቸውን ገልጿል። 12ቱ አራት ወር ያልሞላቸው ነበሩ። ስለዚህ ሕፃኑን እንደ ቦርሳ ጋደም አድርጎ የሚያጥፍ ማዘያ ካየሽ በነፃም ቢሰጡሽ አትውሰጂ።

አገጩና ደረቱ መሃል ሁለት ጣትሽ ይግባ። ፊቱ ሁልጊዜ ይታይሽ። አፍንጫው ጡትሽ ላይ አይለጠፍ፣ ጭንቅላቱ ወደ ጎን ይዙር። ጀርባው ላይ እጅሽን ስታሳርፊ ወደ አንቺ የሚጠጋበት ክፍተት መኖር የለበትም፤ ከተጠጋ ልል ነው ማለት ነው።

እግሩ ቁጢጥ ያለች እንቁራሪት ይምሰል። ጉልበቱ ከቂጡ ከፍ ይበል፣ ጨርቁ ከጉልበት እስከ ጉልበት ይያዘው። እግሩ እንደ ሱሪ ተንጠልጥሎ ከወረደ ዳሌው ላይ መጥፎ ነው። እናቴ "እግሩ ወልገድ እንዳይል" ብላ ልጄን ቀጥ አድርጋ ልትጠቀልለው ስትል በዚህ ተጨቃጭቀናል። ጃፓን ውስጥም የሕፃናትን እግር ቀጥ አድርጎ መጠቅለል የተለመደ ነበር። በ1975 እ.ኤ.አ. አገር አቀፍ ዘመቻ ተደርጎ ሲቀር ከዳሌያቸው ውልቃት ጋር የሚታገሉት ሕፃናት ቁጥር እጅግ ቀነሰ። እሷን ያሳመናት ግን ጃፓን አይደለም። "እማዬ፣ አንቺ እኔን በአንቀልባ ስታዝዪኝ እግሬን እንዴት ነበር?" አልኳት። ትንሽ አሰብ አደረገችና ሁለት እግሯን ከፈት አድርጋ አሳየችኝ። ከዚያ በኋላ አልተጨቃጨቅንም።

በጀርባ ማዘል? እናቴ በ45 ቀኑ ልታዝለው ፈልጋ ነበር። ጀርባ ላይ ሲሆን አገጩን ማየት አልችልም ብዬ ከለከልኩ። በደንብ ተቀምጦ አንገቱ ሲጠነክር፣ ስድስት ወር አካባቢ ነው የፈቀድኩት። የእሷ አንቀልባ የቆዳ ነው፣ በዛጎል ያጌጠ፣ ጠፍሩ በቅቤ የለሰለሰ። አሁንም ከቤቴ በር ጀርባ ተሰቅሏል።

ፊቱን አትሸፍኚ

ይህን ለብቻው የምጽፈው ከሁሉም በላይ የምጣላበት ጉዳይ ስለሆነ ነው። ልጅ በማዘያ ይዘሽ ከብሎክ ስትወጪ ያገኘሽ ሁሉ "ሸፍኚው! ምች ይመታዋል! ዓይን ይበላዋል!" ይልሻል። ነጠላቸውን አውጥተው ራሳቸው የሚያለብሱም አሉ። ደረትሽ ላይ የተለጠፈ ልጅ ካንቺ ገላ ሙቀት ያገኛል። ላዩ ላይ ጋቢ ከደረብሽበት ከታች በሙቀት ከላይ በአየር እጥረት ይጎዳል። በክረምት ብርዱን እፈራለሁ የምትይ ከሆነ ኮፍያና ካልሲ አድርጊለት፣ ጋቢውን ከትከሻው በታች ከጀርባው አዙሪ። ካንቺ አንድ ልብስ ቀንሺለት፤ ማዘያው ራሱ ልብስ ነው። አንገቱ ኋላ በጣትሽ ንኪው፣ ላብ ካለው ሞቆታል።

ለሰዎቹ ምን ትያለሽ? እኔ "እሺ እናቴ፣ አሁን ጥላ ጋ ስንደርስ" እላለሁ። አልፌ እሄዳለሁ።

ደረጃው፣ ታክሲው፣ ኩሽናው

አራተኛ ፎቅ ሊፍት የለውም። ልጁ ደረትሽ ላይ ሲሆን የደረጃውን ጫፍ አታዪም። እኔ መጀመሪያ ሰሞን ልጁን ባለቤቴ ይዞት ይወርዳል፣ እኔ ባዶ እጄን ብረቱን ይዤ እወርዳለሁ፣ ማዘያውን ታች እለብሳለሁ። መውጣቱ ከመውረድ ይሻላል። በየፎቁ ግን ቆም በዪ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ጎረቤቴ ደጃፏ ላይ ዱካ ታስቀምጥልኝ ነበር።

ማዘያ የመኪና ወንበር አይደለም። የራስሽ መኪና ካለሽ የሕፃን መቀመጫ ግዢ፣ አለቀ። ሚኒባስ ውስጥ ግን የሕፃን መቀመጫ የት አለ። እኔ ጋቢና አልገባም። ከኋላ መሃል ላይ እቀመጣለሁ፣ ሲንቀጠቀጥ የልጁን ጭንቅላት በእጄ እይዛለሁ። ከአደጋ ያድነዋል ብዬ አይደለም። ሌላ ምርጫ ስለሌለኝ ነው።

ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት መክተፍ ይቻላል፣ ትኩስ ነገር ግን በፍጹም። ምጣድ ፊት አትቁሚ። ቡና አትቁዪ፣ ጭሱ ለልጁ ሳንባ ነው፣ ጀበናው ደግሞ ለእግሩ። አንዴ ሽሮ ስታማስል ዘይቱ የፈናጠረባት ጎረቤት አለችኝ። ልጁ ተረፈ፣ የተቃጠለው እጇ ነው፤ በእጇ ጋርዳው ነው።

ጡት ስታጠቢ ቁጭ ብለሽ አውጥተሽ አጥቢ። በማዘያ ውስጥ እንደያዝሽው ማጥባት ይቻላል ይላሉ፣ ይቻላልም። ግን ለአራስ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አልመክርም፤ ልጁ ዝቅ ብሎ ይረሳል። ማንገቻው ጡትሽን አጥብቆ ከያዘም ወተቱ ይቋጠራል። ጡቴ ጎኑ ላይ ጠጥሮ ለሁለት ቀን ያቃዠኝ ማንገቻው ከብብቴ ሥር ስለጠበቀ ነበር። ከዚያ በኋላ በየሰዓቱ አውልቄ አየር አሳልፋለሁ።

ያገለገለ ስትገዢ

ሰው የተጠቀመበት ማዘያ ነውር የለውም። የኔም ሦስተኛ ሰው ላይ ደርሷል። ስትረከቢ ግን ክሊፖቹን አስር ጊዜ ክፈቺ ዝጊ። ቋ የማይል ክሊፕ አይታመንም። ማንገቻው ከጨርቁ ጋር የተሰፋበትን ቦታ በሁለት እጅሽ ሳቢ፣ ክሩ ከተንጠለጠለ ተዪው። የውጭውን ስፌት ልብስ ሰፊ ሊጠግነው ይችላል፣ ክብደት የሚይዘውን ግን አታስጠግኚ። ፀሐይ ላይ ብዙ የተሰጣ ጨርቅ ቀለሙ ይለቃል፣ ጉልበቱም እንደዚያው።

ስታጥቢ ክሊፖቹን ቆልፈሽ፣ ለብ ባለ ውሃ በእጅሽ እጠቢ። በረኪና አይንካው። ልጁ የሚያላምጠው የማንገቻ ጫፍ ላይ ሳሙናው በደንብ ይለቅለቅ። ጥላ ላይ ስጪው። የኔ አሁን ከታች ብሎክ ናት፣ ባለፈው ሳምንት በኦፕራሲዮን የወለደች ልጅ ወስዳዋለች። ስሰጣት ሦስት ኪሎ ስኳርም አብሬ ላክሁላት። ቀበቶው ላይ ደግሞ በቀይ ክር ምልክት ሰፍቼበታለሁ፤ ከዚህ በታች እንዳይወርድ።